ማን ታመመ ሳይሆን ማን አልታመመም

ሐኪም ዘንድ የሚሄደው የታመመ ሰው ነው። ስለዚህ ስለ በሽታ የምናውቀው አብዛኛው ነገር የመጣው ከታመሙ ሰዎች ነው። ጤነኛውን ማን ብሎ ይመረምረዋል? እሱስ ምን ሆንኩ ብሎ ይመጣል?

ፕሮፌሰር ሔለን ሆብስ ነገሩን ገልብጠው ካዩት ሳይንቲስቶች አንዷ ናቸው። የሚሠሩት አሜሪካ፣ ዳላስ ከተማ በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሳውዝዌስተርን የሕክምና ማዕከል ነው። የዛሬ 20 ዓመት ገደማ ከባልደረባቸው ከጆናታን ኮኸን ጋር ሆነው አንድ ጥያቄ አነሱ። ኮሌስትሮላቸው ዝቅ ያለ ሰዎች ዘረ መል ውስጥ ምን አለ? የዚያ ጥያቄ መልስ ዛሬ መርፌ ሆኖ በሐኪም ይታዘዛል።

ጥያቄው አሁን ቀላል ይመስላል። ቀላል የመሰለው ግን ስለተመለሰ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እንደጻፍኩ ከወዲሁ ልናገር።)

የብዙ ትናንሽ ነገሮች ድምር

የልብ ሕመም፣ የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊት፣ የጉበት ስብ በየቤቱ ያሉ በሽታዎች ናቸው። በዘር እንደሚሄዱ ለማወቅም ሳይንቲስት መሆን አያስፈልግም። "አባቱም የሞቱት በልብ ነው" ሲባል ሁላችንም የምንረዳው ነገር አለ። ግን እነዚህ በሽታዎች ሲክል ሴል እንደሚባለው የሚወረስ የደም በሽታ አይደሉም። በሲክል ሴል ጥፋተኛው አንድ ዘረ መል ነው። ስሙም አድራሻውም ይታወቃል። በተለመዱት በሽታዎች ግን አንዱ ዘረ መል ትንሽ ይገፋል፣ ሌላው ትንሽ ይጎትታል። በዚያ ላይ ምግቡ፣ ሲጋራው፣ ክብደቱ፣ ዕድሜው ይጨመርበታል። ማንን ይዘህ ማንን ትለቃለህ?

የሰው ልጅ ዲኤንኤ 3 ቢሊዮን ገደማ "ፊደላት" አሉት። በ2003 ንባቡ ተጠናቀቀ ሲባል ብዙ ሰው የበሽታዎች ሁሉ ምስጢር በጥቂት ዓመት ውስጥ የሚፈታ መስሎት ነበር። ተመራማሪዎችም ሕዝብ መቁጠር ጀመሩ። ብዙ ሺህ ሕሙማንን ከብዙ ሺህ ጤነኞች ጋር እያስተያዩ፣ የትኛው ፊደል ሕሙማኑ ላይ እንደሚበዛ መፈለግ ማለት ነው። በ2007 የወጣው ትልቁ የብሪታንያ ጥናት 7 በሽታዎችን ይዞ 14,000 ሕሙማንን ከ3,000 ሌሎች ሰዎች ጋር አነጻጸረ። ውጤቱ እውነተኛ ነበር። ዘዴውም ዓለምን አዳረሰ።

ነገር ግን የተገኙት ፊደሎች አብዛኞቹ ጉልበታቸው ትንሽ ነው። አንዱ የመታመም ዕድልን 10 በመቶ፣ ሌላው 15 በመቶ ከፍ ቢያደርግ ነው። ቁመት በሽታ ባይሆንም ነገሩን በደንብ ያሳየናል። በ2022 በወጣ ጥናት የ5.4 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ ተደምሮ ቁመትን የሚነኩ ከ12,000 በላይ ቦታዎች ተገኙ። አሥራ ሁለት ሺህ! ከዚህ ውስጥ መድኃኒት የሚሠራበትን አንዱን ነቅሶ ማውጣት እንግዲህ ሌላ ሥራ ነው።

የዳላሱ መንገድ

ሆብስ እና ኮኸን በሌላ በኩል ሄዱ። ብዙ ሕዝብ ከመሰብሰብ ይልቅ ጥቂት ሺህ ሰዎችን በጥንቃቄ መለካት መረጡ። በ2000 አካባቢ የተጀመረው የዳላስ የልብ ጥናት ከ3,500 በላይ የከተማዋን ነዋሪዎች መዘገበ። ባለሙያዎች ቤት ለቤት ሄደው ጠየቁ፣ ደም ቀዱ። ከዚያም ሰዎቹን ወደ ማዕከሉ አምጥተው ልባቸውን፣ የደም ስራቸውን፣ የጉበታቸውን ስብ ሳይቀር በምርመራ መሣሪያ አዩ።

አንድ ሌላ ውሳኔም ወሰኑ። ከተሳታፊዎቹ ግማሽ ያህሉ ጥቁር አሜሪካውያን እንዲሆኑ ሆን ተብሎ ተደረገ። በዚያን ጊዜ የዘረ መል ጥናት ማለት በአመዛኙ የነጮች ጥናት ነበር። ይህ ውሳኔ ባይኖር ኖሮ ከዚህ ቀጥሎ የምነግራችሁ ታሪክ አይኖርም ነበር ብል ማጋነን አይመስለኝም።

በ2003 ከፓሪስ አንድ ዜና መጣ። የእነ ካትሪን ቧሎ ቡድን ኮሌስትሮላቸው በጣም ከፍ ያለ የፈረንሳይ ቤተሰቦችን ሲያጠና ፒሲኤስኬ9 የሚባል ዘረ መል ላይ ለውጥ አገኘ። ከዚህ ዘረ መል የሚሠራውን ፕሮቲን ያገኘው በካናዳ ሞንትሪያል የሚሠራው የናቢል ሰይዳ ቡድን ነበር። የዘረ መሉ ስም አፍ የሚያስይዝ ነው፤ ግን እንልመደው፤ ከዚህ በኋላ ይደጋገማል። በፈረንሳዮቹ ቤተሰቦች ላይ የታየው ለውጥ ፕሮቲኑን ሥራ ያበዛበት፣ ከልክ በላይ ንቁ ያደረገው ዓይነት ነው።

ዳላስ ያሉት ሰዎች ይህን ሲሰሙ ጥያቄውን ገለበጡት። ፕሮቲኑ ሲበረታ ኮሌስትሮል ከፍ የሚል ከሆነ፣ ሲደክምስ? ፕሮቲኑ የሌለው ሰው ካለ ኮሌስትሮሉ ዝቅ ማለት አለበት። እንዲህ ያለው ሰው ግን ጤነኛ ስለሆነ ሐኪም ቤት አይገኝም። እነሱ ዘንድ ግን መዝገብ አለ። ኤልዲኤል የሚባለው "መጥፎ" ኮሌስትሮላቸው ዝቅተኛ የሆነውን 128 ሰዎች መረጡና ዘረ መሉን ፊደል በፊደል አነበቡ።

አገኙት። ፕሮቲኑ ተሠርቶ ሳያልቅ መሐል ላይ የሚያቋርጡ ሁለት ለውጦች ነበሩ። ከጥቁር አሜሪካውያን 2 በመቶ ያህሉ ላይ ሲገኙ ነጮቹ ላይ ግን የሉም ማለት ይቻላል። ለውጡ ያለባቸው ሰዎች ኤልዲኤል በ40 በመቶ ዝቅ ያለ ነበር። ግኝቱ በ2005 ታተመ።

ወዛደሩን የሚያባርረው ፕሮቲን

ፒሲኤስኬ9 ምን ይሠራል? ይህን ለመረዳት ወደ ጉበት መግባት አለብን። የጉበት ሴሎች ደጃፋቸው ላይ "ተቀባይ" የሚባሉ ፕሮቲኖች አሏቸው። ሥራቸው የወዛደር ነው። በደም ውስጥ የሚያልፈውን ኤልዲኤል ይይዛሉ፣ ወደ ውስጥ ያስገባሉ፣ ያራግፋሉ፣ ለሌላ ጭነት ወደ ደጃፍ ይመለሳሉ። አንዱ ተቀባይ በሕይወት ዘመኑ ከ100 ጊዜ በላይ ሊመላለስ ይችላል። የዚህን ተቀባይ ነገር ያወቁት ማይክል ብራውን እና ጆሴፍ ጎልድስታይን እዚያው ዳላስ ውስጥ ናቸው። በ1985 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። ሆብስም የምርምር ሥልጠናቸውን ያገኙት በእነሱ ቤተ ሙከራ ነው። መንገዱ ድንገት የተገኘ አልነበረም።

ፒሲኤስኬ9 መጥቶ ተቀባዩ ላይ ሲጣበቅ ወዛደሩ ወደ ደጃፍ አይመለስም። ከነጭነቱ ወደ ሴሉ የማድቀቂያ ክፍል ተልኮ ይፈጫል። ወዛደር ሲያንስ ጭነት ደጅ ያድራል። ጭነቱ ኮሌስትሮል ነው፤ ደጁ የደም ስራችን ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ስታቲን የሚባሉት የታወቁት የኮሌስትሮል ኪኒኖች የሚሠሩት ጉበት ብዙ ተቀባይ እንዲያመርት በማድረግ ነው። ግን ያንኑ ማብሪያ ሲነኩ የፒሲኤስኬ9ም ምርት አብሮ ይጨምራል። በአንድ እጅ መስጠት፣ በሌላው መንሳት ማለት ነው። የስታቲኑ መጠን በእጥፍ ሲጨመር ኤልዲኤል የሚወርደው 6 በመቶ ገደማ ብቻ የሚሆነው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ይበልጥ ያስፈራል። ይህ ፕሮቲን ጨርሶ ባይኖርስ? ሰው ይጎዳል? ኮሌስትሮል ለሰውነት ያስፈልጋል እኮ። የሴል ግድግዳ ይሠራበታል፣ ሆርሞን ይሠራበታል። በ2006 የሆብስ ቡድን መልሱን በአንዲት የ32 ዓመት ሴት ላይ አገኘ። ከአባትም ከእናትም የተበላሸ ቅጂ ወርሳለች። ደሟ ውስጥ ፕሮቲኑ ጭራሽ አይታይም። ኤልዲኤሏ በዴሲ ሊትር 14 ሚሊ ግራም ነበር። ብዙ ጤነኛ ሰው ላይ ይህ ቁጥር ከ100 በላይ ነው። ሴትየዋ ደህና ናት፣ ተምራለች፣ መውለድም ትችላለች። ጉበቷም ኩላሊቷም ጤነኛ ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመሳሳይ ታሪክ ያላት ሌላ ሴት ዚምባብዌ ውስጥ ተገኘች።

ለመድኃኒት ኩባንያዎች ይህች ሴት ምን ማለት እንደሆነች አስቡት። አንድ ፕሮቲን ሙሉ በሙሉ ቢዘጋ ሰው ላይ ምን ይደርሳል የሚለውን ለማወቅ ብዙ ዓመትና ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል። እሷ ደግሞ 32 ዓመት ሙሉ ያንን ሙከራ ስትኖረው ቆይታለች።

28 በመቶ እንዴት 88 በመቶ ሆነ

ኮሌስትሮል ዝቅ አለ ማለት ልብ ዳነ ማለት አይደለም። በዚያው በ2006 ሆብስ እና ኮኸን ከሌላ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ተመራማሪዎች ጋር ሆነው 15 ዓመት ሲከታተሏቸው የነበሩ ሰዎችን መዝገብ ገለጡ። ከ3,363 ጥቁር ተሳታፊዎች 2.6 በመቶ ያህሉ ከሁለቱ ለውጦች አንዱ አለባቸው። ኤልዲኤላቸው በአማካይ 28 በመቶ ዝቅ ያለ ነው። በልብ የደም ስር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ግን በ88 በመቶ አንሶ ተገኘ።

እኔ ይህን ቁጥር መጀመሪያ ሳነብ የተሳሳተ መስሎኝ ነበር። በትክክል ታትሟል። ግን በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ለውጡ ያለባቸው 85 ሰዎች ሲሆኑ ከእነሱ በልብ በሽታ የተያዘው አንድ ሰው ነው። አንድ! በአጋጣሚ ሦስት ቢሆኑ ኖሮ ቁጥሩ ሌላ ይሆን ነበር። ቀጥለው የመጡ ሰፋ ያሉ ጥናቶች ያሳዩት ጥቅምም ከ88 በመቶ ያነሰ ነው። አቅጣጫው ግን አልተቀየረም። በዚያው ጥናት ነጮቹ ላይ የተገኘ ሌላ ለዘብ ያለ ለውጥም ኤልዲኤልን በ15 በመቶ ብቻ ቀንሶ የልብ በሽታን ዕድል በ47 በመቶ አሳንሷል።

አሁን ይህን ከስታቲን ጋር አስተያዩት። የብዙ ጥናቶች ድምር እንደሚያሳየው ኤልዲኤል በመድኃኒት 39 ሚሊ ግራም ሲወርድ በአምስት ዓመት ገደማ ውስጥ ከባድ የልብና የደም ስር አደጋ በ22 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በዘረ መል የመጣው የ28 በመቶ ቅናሽም በሚሊ ግራም ሲሰላ ያንኑ ያህል ነው፤ 38 ገደማ። ለአንድ ዓይነት ቅነሳ የተለያየ ጥቅም ለምን መጣ?

መልሱ ጊዜ ነው። ኪኒን የሚውጠው ሰው የጀመረው 50 ወይም 60 ዓመት ከሞላው በኋላ ነው። ያን ጊዜ ኮሌስትሮሉ የደም ስሩ ግድግዳ ላይ ለአሥርተ ዓመታት ሲለጠፍ ኖሯል። ዘረ መሉ የጠቀመው ሰው ግን ቅናሹን የጀመረው ከተወለደበት ቀን ነው። በየዓመቱ የሚጠራቀመው ትንሽ ልዩነት 60 ዓመት ሲሆነው ትልቅ ይሆናል። የዚህ ሁሉ ምርምር ትልቁ ፍሬ ለእኔ መድኃኒቱ ሳይሆን ይህ ግንዛቤ ነው። ዛሬ ብዙ የልብ ሐኪሞች ስለ ኮሌስትሮል ሲያወሩ "ስንት ነው?" ብቻ ሳይሆን "ለስንት ዓመት?" ብለው ይጠይቃሉ።

መድኃኒቶቹ ራሳቸው ይህንኑ መሰከሩ። ፒሲኤስኬ9ን የሚይዙ ሁለት መርፌዎች፣ አሊሮኩማብ እና ኢቮሎኩማብ፣ በ2015 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀዱ። ከግኝቱ እስከ ፈቃዱ 10 ዓመት ገደማ ነው፤ በመድኃኒት ዓለም ይህ ሩጫ ነው። በ2017 በወጣው የ27,564 ሕሙማን ሙከራ ኢቮሎኩማብ ኤልዲኤልን በ59 በመቶ አወረደ። ዋና ተብለው የተቆጠሩት አደጋዎች ግን የቀነሱት በ15 በመቶ ነው። አንዳንዱ "ይኼ ሁሉ ወጪ ለዚህ ነው?" አለ። ሕሙማኑ ክትትል የተደረገላቸው ለሁለት ዓመት ከጥቂት ወር መሆኑን ግን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

የዘረ መል ማስረጃ "ግፋ" ብቻ ሳይሆን "ተው"ም ይላል። "ጥሩ" ኮሌስትሮል የሚባለውን ኤችዲኤልን ከፍ የሚያደርግ ቶርሴትራፒብ የተባለ መድኃኒት ነበር። በ2006 ሙከራው ተቋረጠ፤ መድኃኒቱን ከወሰዱት መካከል ካልወሰዱት ይልቅ ብዙ ሰው ሞቶ ነበርና። በኋላ በ2012 የወጣ የዘረ መል ጥናት ኤችዲኤልን ከፍ የሚያደርግ ለውጥ በተፈጥሮ ያላቸው ሰዎች በድንገተኛ የልብ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው እንዳልቀነሰ አሳየ። ይህ ቀድሞ ቢታወቅ ኖሮ ስንት ቢሊዮን ዶላር፣ ከዚያም በላይ ስንት ሰው ይተርፍ ነበር።

ጉበቱ

ከዳላስ የወጣው ሁለተኛው ትልቅ ግኝት ብዙ አይወራለትም። የጥናቱ ሰዎች ጉበት ሲታይ ሲሶ ያህሉ ላይ ስብ ተገኘ። የላቲን አሜሪካ ዝርያ ካላቸው 45 በመቶ፣ ከነጮቹ 33 በመቶ፣ ከጥቁሮቹ 24 በመቶ። ጥቁሮቹ ላይ ውፍረትና ስኳር የሚያንስ አይደለም። ታዲያ ለምን ጉበታቸው ዳነ?

በ2008 ከ9,000 በላይ ቦታዎች ተፈትሸው ፒኤንፒኤልኤ3 የሚባል ዘረ መል ላይ አንድ የፊደል ለውጥ ተለየ። ከሁለቱም ወላጆች የወረሱት ሰዎች የጉበታቸው ስብ ከሌሎቹ ከእጥፍ በላይ ነው። የለውጡ ስርጭትም ከበሽታው ጋር ይሄዳል፤ የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው ላይ ብዙ፣ ጥቁሮቹ ላይ ጥቂት።

በኋላ የተገኘው ደግሞ ይበልጥ ይስባል። ለውጡ ያለበት ቀጭን ሰው ጉበቱ ላይ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ክብደት ሲጨምር ግን ያው ዘረ መል በብርቱ መጫን ይጀምራል። "በዘሬ ነው፣ ምን አደርጋለሁ" ለሚል ሰው ይህ መልስ አለው። "ዘር ምንም አይደለም፣ ሁሉም አመጋገብ ነው" ለሚለውም እንዲሁ።

ማን ተቆጠረ፣ ማን ከፈለ

በ2016 በታተመ ቆጠራ በእነዚህ የብዙ ሕዝብ የዘረ መል ጥናቶች ውስጥ ከተሳተፉት 81 በመቶ ያህሉ የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ነበሩ። የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው 3 በመቶ ገደማ ናቸው። የሰው ልጅ የዘረ መል ልዩነት በብዛት የሚገኘው ግን አፍሪካውያን ላይ ነው። ብዙ ሰው ይህን እንደ ፍትሕ ጉዳይ ብቻ ያየዋል። የፍትሕ ጉዳይም ነው። ግን የፒሲኤስኬ9 ታሪክ ሌላም ነገር ይነግረናል። ነጮች ብቻ ቢቆጠሩ ኖሮ እነዚያ ሁለት ለውጦች አይታዩም ነበር፤ መድኃኒቱም ለነጮቹም ቢሆን ይዘገይ ነበር። አንዱን ሕዝብ መተው የሚጎዳው የተተወውን ብቻ አይደለም።

ዋጋው ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። መርፌዎቹ በ2015 ሲወጡ የዓመት ዋጋቸው አሜሪካ ውስጥ ከ14,000 ዶላር በላይ ነበር። የመድን ድርጅቶች ለመክፈል አንገራገሩ። ሐኪም ያዘዘለት ሰው ሁሉ አላገኘም። በ2018 እና በ2019 ኩባንያዎቹ ዋጋውን ከግማሽ በላይ ቀንሰው ወደ 5,850 ዶላር አወረዱት። ኋላ ኢንክሊሲራን የተባለው መጣ፤ እሱ ከመነሻው ሁለት መርፌዎች በኋላ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚወጋ ነው።

አሁን ያለው ጥድፊያ በአንድ መርፌ ለዕድሜ ልክ መጨረስ ነው። በ2022 ኒውዚላንድ ውስጥ አንድ ሕመምተኛ ጉበቱ ውስጥ ያለውን ፒሲኤስኬ9 የሚያጠፋ የዘረ መል አርትዖት (የዲኤንኤውን ፊደል ራሱን የሚቀይር ሕክምና) ለመጀመሪያ ጊዜ ተወጋ። ሐሳቡ ግልጽ ነው። ተፈጥሮ ለጥቂቶች የሰጠችውን ለሌላው በመርፌ መስጠት። የሕክምናው የመጀመሪያ ቅጂ ሙከራ በ2024 ቆመ፤ አንድ ተሳታፊ ላይ በላቦራቶሪ ያልተጠበቀ ውጤት ታይቶ ነበር፤ ጥርጣሬው ያረፈውም መድኃኒቱን ተሸክሞ በሚገባው የስብ ቅንጣት ላይ ነው። በሌላ ቅንጣት የተሠራው ሁለተኛው ቅጂ ቀጠለ። በ2025 ይህን ሕክምና የሚሠራውን ኩባንያ ትልቁ የመድኃኒት ድርጅት ኢላይ ሊሊ ገዛው።

በመጀመሪያው ሙከራ የተወጉት ከቤተሰብ በወረሱት ከፍተኛ ኮሌስትሮል ልባቸው የተጎዳ ሰዎች ናቸው። ለእነሱ ስሌቱ አይከብድም። የዳላሱ ማስረጃ ግን ጣቱን የሚቀስረው ወደ ሌላ ሰው ነው። ጥቅሙ የሚበዛው ቀድሞ ለጀመረ ከሆነ፣ መርፌው በጣም የሚጠቅመው ምንም ያልታመመ የ20 ዓመት ወጣት ነው። ያ ወጣት ግን የሚወጋው ከ30 ዓመት በኋላ ሊመጣ ለሚችል በሽታ ነው። ጉዳት ካለውም ላይታይ የሚችለው ያን ያህል ጊዜ ነው። ኪኒን ያቆሙታል፤ የተቀየረ ፊደል ግን በነጋታው ተው አይባልም።